ሳህኑ ሙሉ የተመለሰበት ሳምንት

«ቦርከና ወራጁ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣
እምም… እምም… ልጅ እንዳትወስድ፣
የ… እምም…»

ከዚህ ወዲያ ሰውዳ አታውቀውም። እናቷ ያንጎራጎረችው በሰባ ሰባት ነው፣ ከወሎ ሰፋሪ ጭኖ ወደ ጋምቤላ በሚወርድ መኪና ላይ፤ ሰውዳ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናትየዋን በመጡ በሁለተኛው ክረምት ወባ ወሰዳት፣ የግጥሙንም እኩሌታ ይዛው ሄደች። ለልጅቷ የቀረላት ዜማው ነው። ዛሬም፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የአሳ ቅርፊት ስትፍቅ ታንጎራጉረዋለች፤ ቃሉ የጠፋበት ቦታ ስትደርስ ቢላዋዋ ይፈጥናል።

ምግብ ቤቷ ባሮ ዳር ነው፣ በሁለት ማንጎ ዛፎች መሃል። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አሥር ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ጥር ላይ ወንዙ አሸዋውን ገልጦ ይተኛል፤ ነሐሴ ላይ ደፍርሶ አጥሯ ሥር ድረስ ይመጣል። የምትሠራው አሳ ብቻ ነው፣ ያውም በምክንያት። ሥጋ ሲቀርብ «የማን እጅ ነው ያረደው?» የሚል ይመጣል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን አይበላ፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን። አሳ ግን ማንም አያርደውም። «አሳ ሃይማኖት የለውም» ትል ነበር፣ ባሏ ሰዓድ በሕይወት ሳለ፤ እሱም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቅላት ነበር።

ያሳደገቻት አክስቷ አንድ ነገር አስተምራታለች፤ እንግዳ ብቻውን አይተውም። ስለዚህ ሰውዳ አትቀመጥም። ከበላተኛው ትከሻ አጠገብ ቆማ፣ ጭልፋዋን ይዛ፣ «ብሉልኝ እንጂ! በሞቴ! ይቺ ምን በድላችሁ ነው የምትተዉዋት?» ትላለች። ከደጋ የሚወርዱ ሹፌሮች ይህን ይወዱላታል። «እናታችን» ይሏታል። እሷ ራሷ የምትበላው ቆማ ነው፣ ከድስቱ አፍ፣ በጣቷ፤ ያውም ከቀመሰች።

አሁን ግን ሹፌሮቹ አንሰዋል። አስፋልቱ ዳር ትልልቅ ቤቶች ተከፈቱ። ቤቱን የሚያከራያት ባለቤት ባለፈው ሰሞን መጥቶ አሥሩን ጠረጴዛ አየ፣ ሁለቱ ላይ ብቻ ሰው ነበረ፤ «ሰው የማይገባበትን ቤት ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አላትና እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ነገራት።

በዚያው ሳምንት አቶ ኦቹዶ መጣ። ለአንድ የእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ ሠልጣኝ የሚያመላልስ፣ ነገሩ አጭር የሆነ የአኙዋ ሰው ነው።

«ሠላሳ ልጆች ይመጣሉ» አላት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ አብያቸው። ከበሉልሽ የዓመቱ ሠልጣኝ በሙሉ ያንቺ ነው። ካልበሉ አስፋልቱ ላይ ሌላ ቤት ይዣለሁ።»

«በልተዋል አልበሉም የሚለውን ማን ይነግርሃል?»

«ሳህኑ። እኔ ሌላ ወሬ አልሰማም፤ ሳህን ነው የማየው።»

የዓመት ሠልጣኝ ካለ የቤቱ ባለቤት አፉን ይዘጋል። ሰውዳ እሑድን ሙሉ ጠረጴዛ ስታሽ ዋለች።

ሠላሳዎቹ ሰኞ ቀትር ላይ ደረሱ። ረጃጅም፣ ዝምተኞች፣ ግንባራቸው ላይ የወንድነት መስመር የተሰመረላቸው የኑዌር ወጣቶች፤ ከላሬና ከጂካዎ፣ ከከብት መሃል የተሰበሰቡ። አብዛኞቹ አማርኛ አያውቁም። የሚናገርላቸው ጋትኬክ የሚባል፣ ከሁሉም ጠና ያለ፣ የልጆች አባት ነው።

ሰውዳ ቤት ስድስት ዓመት ሳህን ያጠበች ኛሙት የምትባል የኑዌር ሴት አለች። ከጓሮ በተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፣ እዚያው ላይ ምሳዋን ትበላለች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች። በስድስት ዓመት ሰውዳ የጠየቀቻት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታጠበ?»

ያን ቀን ኛሙት ውሃና ሳህን ደረደረች፣ ልጆቹ ደጁን ሲረግጡ ግን በጓሮ በር ውልቅ አለች።

«አንቺ! እንግዳ ተቀምጦ ትሸሻለሽ?» ጮኸች ሰውዳ። «ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ሰነፍ ነው የሰጠኸኝ!»

«ሳህን ልጠብ» አለች ኛሙት ከውጭ። የሚታጠብ ሳህን ገና አልነበረም።

ሰውዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች። «አብሽሩ፣ ብሉ! ዛሬ ጠዋት ከባሮ የወጣ ነው! አንተ፣ ምን ታቀረቅራለህ? ጉረስ እንጂ!» ልጆቹ እጃቸውን ሳህኑ ዳር አሳርፈው መሬት መሬት አዩ። አንዱ ስልኩን አወጣ። አንዱ እንጀራውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ተወው። ጥቂት ቆይቶ ጋትኬክ ተነሣ፤ ሠላሳውም ተነሣ።

«ምነው? አልጣማችሁም?»

«ጥሩ ነው፣ እናቴ። በጣም ጥሩ ነው» አለ ጋትኬክ፣ በሩን እያየ።

ሠላሳ ሳህን ሙሉ ቀረ። አቶ ኦቹዶ ደጅ ቆሞ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አይቶ ሄደ።

ሰውዳ ያን ከሰዓት ጭልፋውን አስቀመጠች። በዕድሜዋ «እንዴት ነው?» ያላለችው ሰው የለም፤ መልስ ጠብቃ ግን አታውቅም። አሁን ትጠይቃለች። እውነቱን፣ የመረረውን፣ የሚያውቋትን ሰዎች። ሰው ራሱን ለማረም ልቡን ሲከፍት እንዴት ያምራል! ግን በተከፈተ በር የሚገባው የተጠራው ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የሄደችው ፈትሂያ ጋ ነው፣ የሟቹ ባሏ እህት፣ ገበያው መሃል ጨርቅ የምትሸጥ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ፈትሂያ። በአላህ፣ እንዳታዝኚልኝ። እጄ ምን ይጎድለዋል?»

ፈትሂያ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ እስከ ጫፉ አጥፋ አስቀመጠችው። ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቅ እንደኖረች ከአስተጣጠፏ ያስታውቅ ነበር።

«ካልሽስ… ሰዓድ ታሞ እኔ ቤት ሲተኛ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እህቴ፣ ሾርባ ሥሪልኝ፣ ከመሞቴ በፊት የሰው እጅ ልቅመስ› አለኝ። የሰው እጅ!»

«ሰዓድ? እንዲህ አለ?»

«ወላሂ። ዘይትሽ ይከብዳል፣ ጨውሽ የለም። ሰው እያዘነልሽ ነው የሚበላው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለች ፈትሂያ፣ ሌላ ጨርቅ እያነሣች።

እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል? ሰዓድ አፈር ሆኗል። ሰውዳ ግን ያን ቃል በነጠላዋ ጫፍ እንደ ቋጠረች ወደ ቤቷ ሄደች።

ማክሰኞ ዘይቱን ቀነሰች፣ ጨውን ጨመረች። እየዋጡ መሆናቸውን ለማየት ይበልጥ ቀረበች፤ አፍ አፋቸውን፣ ጉሮሮ ጉሮሯቸውን አየች። ሳህኑ እንደ ሰኞው ሙሉ ተመለሰ። «ጥሩ ነው፣ እናቴ» አለ ጋትኬክ።

ከሰዓት ሹፌሮቹን ያዘች። «እስቲ እውነቱን አውሩኝ፣ ልጆቼ። እኔ ቤት ለምን ትበላላችሁ?»

«እውነቱን?» አለ አንዱ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «መኪና ማቆሚያ ስላለሽ ነዋ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። «ጥላም አለ!» ጨመረ ሌላው። «ማንጎዋን አትርሳ፣ ከወጡ ማንጎዋ ትሻላለች!» ሰውዳም አብራቸው ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ገባችና የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ኛሙት ከጀሪካኗ ላይ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

ረቡዕ ሦስት ዓይነት ሠራች፤ ጥብስ፣ ወጥ፣ ቅቅል። ሦስቱንም ይዛ እየዞረች፣ «የቱን ልድገም? ንገሩኝ፣ አልቀየምም!» አለች። ሦስቱም ተመለሱ። አቶ ኦቹዶ ሳህኖቹን አይቶ ሰዓቱን አየ።

ያን ቀን ከሰዓት ወደ አብዱልባሲጥ ሄደች። አብዱልባሲጥ ከአሥር ዓመት በፊት እሷ ቤት በአስተናጋጅነት የጀመረ፣ ቀጥሎ ኢታንግ ወርዶ ሦስት ዓመት ምግብ ቤት የያዘ፣ አሁን አስፋልቱ ላይ ባለ ሁለት ፎቁን የከፈተ ሰው ነው። አቶ ኦቹዶ «ሌላ ቤት ይዣለሁ» ያለው የእሱን ቤት ነበር። ይህን አብዱልባሲጥ ያውቃል፤ ሰውዳ አታውቅም።

«ሁሉም ሰደበኝ፣ አብዱ» አለችው። «አንተ ግን እጄን በልተህ ያደግህ ነህ። እውነቱን ከአንተ ነው የምፈልገው። እነዚህ ልጆች ለምን አይበሉልኝም?»

አብዱልባሲጥ ሻይ አስቀዳላት። ማንኪያውን ቀስ ብሎ አማሰለ።

«እህት ዓለም፣ ለምግብሽ እንከን አይወጣለትም።»

ሰውዳ እንባዋ መጣ። በሦስት ቀን የሰማችው የመጀመሪያ ደግ ቃል ነው።

«የጎደለው ፍቅር ነው» ቀጠለ። «አገር ቤት እንግዳ ያለ ጉርሻ ይበላል? ከእናታቸው ርቀው የመጡ ልጆች ናቸው፣ ዓይናፋሮች። ቅረቢያቸው። ትልቁን ሰውዬ በእጅሽ አጉርሺው፤ እሱ ከጎረሰ ሌላው ይከተላል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አለ አብዱልባሲጥ፣ ዓይኗን እያየ። ደጅ ድረስ ሸኛት። ተመልሶ ሲገባ አስተናጋጆቹን ጠርቶ የነገራትን ነገራቸው፤ ቤቱ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ሳቀ።

ሐሙስ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። ከአሳው ወፍራሙን ሥጋ መርጣ እሾሁን አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመች፣ ሕፃን እንደምታበላ። ልጆቹ ተቀመጡ። ሰውዳ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ጋትኬክ ፊት ቆመች።

«በሞቴ፣ ጋትኬክ። ይቺን ብቻ። እናትህ አይደለሁም?»

ጋትኬክ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እጇ ተከተለው። አንገቱን ዘወር አደረገ፤ እጇ ዞረ። ወጡ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ፣ ጉርሻው ከንፈሩን ነካው። ያኔ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደቀ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ እድፍ እንደሚያስለቅቅ። በቋንቋው አንድ ቃል ተናገረ፣ ሠላሳ ሰው ተነሣ። በሩ ላይ ከትንንሾቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከኋላው ያለው በጥፊ አለው።

ሰውዳ እጇ እንደ ተዘረጋ ቀረች።

የዘረጉት ጉርሻ አፍ አጥቶ ሲመለስ፣
ከድንጋይ ይከብዳል፣ ይመራል ሲቀመስ።

እሷ ግን አልቀመሰችውም። ሳህኑ ላይ መልሳ አኖረችው።

ዓርብ ዕለት እንደዚያም ሆኖ ለሠላሳ ሰው ሠራች። ቀትር ላይ አቶ ኦቹዶ ብቻውን በሞተር መጣ፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ዛሬ አይመጡም፣ እህቴ።»

«ታመሙ እንዴ?»

«አብዱልባሲጥ ጋ ናቸው። ትናንት ካንቺ ወጥተው ርቧቸው እዚያ ወሰድኳቸው። ሳህኑን ላሱት።»

«ምን አቀረበላቸው?»

«አሳ። ያንቺው አጥማጅ ያመጣው አሳ።»

«ታዲያ… ታዲያ የኔ ምኑ ነው?»

«ጠየቅኋቸው። ‹ጥሩ ነው› አሉኝ። እኔ ሳህን ነው የማየው ብዬሻለሁ።»

«ዓመቱስ?»

«ከሱ ጋር ተፈራረምን። በርቺ።» ሞተሩ አቧራ አስነሥቶ ሄደ። «በርቺ» የሚለው ቃል ከአቧራው ጋር ማንጎው ሥር ቀረ።

ሰውዳ ወደ ጓሮ ዞረች። የምትሄድበት ስለሌላት እንጂ የምትፈልገው ነገር ኖሮ አይደለም። ከወንዙ ዳር ድምፅ መጣ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሊታጠቡ እየወረዱ ነው፣ እየዘፈኑ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሠላሳው ይቀበላል፣ መሃል መሃል ሳቅ አለ። አዲስ ዘፈን ነው፤ ለሳቅ የተገጠመ መሆኑ ከአቀባበሉ ይታወቃል። ኛሙት ሳህን እያጠበች ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አፏን በረጠበ እጇ ይዛለች።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሰውዳ።

«ዘፈን ነው።»

«ስለ እኔ ነው?»

ኛሙት እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። «ስላንቺ ነው» አለች።

«ንገሪኝ። ምንም ሳታስቀሪ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ስድስት ዓመት። ኛሙት እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ከጀሪካኑ ላይ ተነሣች። ስትቆም ከሰውዳ በአንድ ራስ ትበልጣለች።

«‹የባሮዋ ሴትዮ፣ አሳዋ እሾህ የለውም፣ በጣቷ ለቅማዋለች› ይላል። ‹እሾሁ ዓይኗ ነው› ይላል። ‹ጉሮሯችን ላይ ቆመ፣ አልወርድ አለን።› ከዚያ ደግሞ ‹ጋትኬክን እንደ ጥጃ ልታጠባው ነበር› ይላል። እዚያ ጋ ነው የሚስቁት።»

«ዓይኔ?»

«እኛ ጋ ወንድ ልጅ ሚስቱ ያልሆነች፣ ዘመዱ ያልሆነች ሴት እያየችው አይበላም። የከተማው ለምዷል። እነዚህ ከከብት ጋር ያደጉ ናቸው። ረሃቤን አየችው፣ አፌን አየችው ይላል። ነውር ነው። አንቺ ግን ትቆሚያለሽ። ደግሞ ትቀርቢያለሽ። ደግሞ ታጎርሻለሽ።»

«ነውሩን ለምን አልነገሩኝም? ‹ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው› ከሚሉኝ?»

«ለሴት እንዴት ይናገሩታል? መናገሩም ነውር ነው። ደግሞ ጥሩ ነው። ምግብሽ ጥሩ ነው። አራት ቀን ልጆቼ በሉት። የሠላሳ ሰው አሳ። ጎረቤትም በላ።»

ሰውዳ የጓሮውን በር አየች። «ሰኞ ዕለት የሸሸሽው…»

«ለዚያ ነው። እኔም ሴት ነኝ።»

«አብዱልባሲጥስ? እሱ ያውቃል?»

«ኢታንግ ሦስት ዓመት የእኛን ወንዶች አብልቷል። ሴት አያስጠጋም፤ ምግቡን አስቀምጦ፣ በሩን መልሶ ይወጣል። ሁሉም ያውቃል።»

«ታውቂ ነበር!» ሰውዳ ጭልፋውን አነሣች። «ከሰኞ ጀምሮ ታውቂ ነበር! በቁሜ ስቃጠል እያየሽ! ቤቴ ሲዘጋ እያየሽ! እንጀራሽም አብሮ ይዘጋል እኮ፣ አንቺ ከንቱ!»

ኛሙት ከጭልፋው አልሸሸችም።

«ሰኞ ሰነፍ አልሽኝ» አለች። «ከዚያ ፈትሂያን ጠየቅሽ። ሹፌር ጠየቅሽ። አብዱልባሲጥ ቤት ድረስ ሄደሽ ጠየቅሽ። እኔ እዚህ ነበርኩ። እዚህ፣ በሩ ሥር። ብናገር ደግሞ ሳህኑ ባዶ ይመጣል። ልጆቼ ባዶ ሳህን አይበሉም።»

ጭልፋው ቀስ እያለ ወረደ። ከሰዎቹ ሁሉ ያልዋሸቻት ይቺ ናት፤ ከሰዎቹ ሁሉ ያላዘነችላትም ይቺው ናት።

«ሌላስ?» አለች ሰውዳ። «ሌላም ካለ ጨርሺው።»

«ብዙ አለ። መጀመሪያ ይሄን እይው።»

ኛሙት ወደ ጓዳ ገባች። ከሠላሳው ሰው ድስት አንድ ሳህን ሙሉ ጨለፈች፣ እንጀራ አደረገችበት፣ ባዶው አዳራሽ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወንበር ሳበች።

«ተቀመጪ።»

ሰውዳ ተቀመጠች። እዚህ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጣ በልታ አታውቅም፤ ጠረጴዛው ከዚህ በኩል ሲያዩት ከፍ ያለ ነው። ከእሑድ ወዲህ ደህና ነገር አፏ አልገባም። እጇን ታጠበች፣ «ቢስሚላህ» አለች።

ኛሙት አልሄደችም። ከትከሻዋ አጠገብ መጥታ ቆመች። ጭልፋውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ ወገቧን ያዘች፣ አንገቷን አስግጋ አፏን አየቻት፤ እንደዚያ፣ አንድ ስንዝር ቀርቷት።

«ብዪልኝ እንጂ» አለች፣ በሰውዳ ድምፅ። «በሞቴ። ምን ታቀረቅሪያለሽ?»

ሰውዳ ቆረሰች። የቆረሰችው እጇ ላይ ቆየ። የገዛ ማኘኳ ሊሰማ ነው፣ ከንፈሯ ላይ የሚቀረው ዘይት ሊታይ ነው፣ መራቧ ሊታይ ነው። ትከሻዋ ላይ ያለውን ዓይን ለማምለጥ ወደ ሳህኑ አቀረቀረች። ታች ወንዙ ላይ ልጆቹ ገና እየዘፈኑ ነበር።

«ሂጂ ልልሽ እችላለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ትችያለሽ» አለች ኛሙት። አልተንቀሳቀሰችም።

ሰውዳ «ሂጂ» አላለችም። ዓይኑ እንዳለባት፣ ጎረሰች።